ሆዷ ሞልቶ የራባት ግልገል
ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ሌላ ነገር ላወራ ነበር። ግን ጥቁሯ ግልገሌ ከሐሳቤ አልወጣ አለች። ታውቋታላችሁ፣ እሷ የማትነሳበት ክፍል የለም።

ወገቧን ስዳስሳት ነው ነገሩ። ሆዷ ሞልቷል። እያመሰኳች ነው፣ ዓይኗን ከደን አድርጋ። ጸጉሯ ወፍራም ስለሆነ በዓይን ምንም አይታይም። በጣት ግን የአከርካሪዋ አጥንት አንድ በአንድ ይቆጠራል። ቆይ እስቲ ብዬ ደግሜ ዳሰስኩ። ያው ነው። ገለባው ፊቷ ተከምሯል። ትበላለች፣ ታመሰኳለች፣ ትከሳለች።

ምክንያቱ አይጠፋኝም እኮ። ገለባውን የሚፈጩላት ትልቁ ጨጓራዋ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተህዋስያን ናቸው። እነሱ ደግሞ ናይትሮጅን ይፈልጋሉ፣ እሱም ፕሮቲን ውስጥ አለ። የመኖው ፕሮቲን ከ7 በመቶ ገደማ ሲወርድ ሥራቸው ይቀዘቅዛል። የስንዴ ገለባ 3 ወይም 4 በመቶ ቢኖረው ነው። ስለዚህ ገለባው ሳይፈጭ ይቆያል፣ ቦታ ይይዛል፣ ጥጋብ ይመስላል። ሆዷ ባዶ ቢሆን ትጮህ ነበር። አልጮኸችም። እሱ ነው ያንገበገበኝ።

ሰው ሁሉ «ፋጉሎ ጨምርላት» ይላል፣ ዘይት ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረውን፣ ፕሮቲን ያለውን። እሺ። ግን ጉልበት የሚሰጥ ነገር፣ እህል ወይም ሞላሰስ (የስኳር ፋብሪካ ዝልግልግ ተረፈ ምርት)፣ አብሮ ከሌለ ተህዋስያኑ ናይትሮጅኑን አይዙትም። አሞኒያ ሆኖ በደም ወደ ጉበት ይሄዳል። ጉበት ዩሪያ ያደርገዋል፣ ብዙው በሽንት ይወጣል። ደስ የሚለው ግን ከፊሉ በምራቅ ተመልሶ ጨጓራ ይገባል! ፕሮቲን ሲያጥራት ያንኑ መልሳ ትጠቀምበታለች። እንዲህ ያለ አካል ይዛ ስትከሳ ማየት... ተዉት።

ገለባውን በዩሪያ ማዳበሪያ ማከምም አለ። ለ100 ኪሎ ገለባ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዩሪያ በውሃ በጥብጦ መርጨት፣ በላስቲክ አፍኖ 3 ሳምንት ገደማ ማቆየት። ሲከፈት ሽታው ዓይን ያስለቅሳል፣ ሳይናፈስ አይሰጥም። ከዩሪያው የሚወጣው አሞኒያ ጠንካራውን ቃጫ ያላላዋል፣ ናይትሮጅንም ይጨምርበታል። ጨጓራቸው ገና ላልዳበረ ጡት ጠቢዎች ግን በፍጹም!

ፋጉሎውስ ቢሆን? በልኩ ከሞቀ ፕሮቲኑ ከተህዋስያኑ ያመልጥና ትንሹ አንጀት ላይ ይፈጫል። ካረረ ግን ከስኳሩ ጋር ተጣብቆ ሳይፈጭ ይወጣል። ቤተ ሙከራው ፕሮቲኑን ለማወቅ ናይትሮጅኑን ለክቶ በ6.25 ነው የሚያባዛው። ያረረውም ያላረረውም ወረቀት ላይ አንድ ቁጥር ነው። ታዲያ ቁጥሩን አምኜ ምን ልስጣት?

የሚያድግ ግልገል መኖው 14፣ 16 በመቶ ፕሮቲን እንዲኖረው ይፈልጋል ይባላል። ፋጉሎውን ቀስ እያልኩ ብጨምርላት ይሻላል መሰለኝ። ወይስ መጀመሪያ ገለባውን ላክመው? እንደሱ ሳይሆን አይቀርም የሚሻለው... ግን ደግሞ የሆድ ትል ቢሆንስ? በጠጧን ላስመርምር። ትል ከሆነማ ይሄ ሁሉ ያወራሁት... እንጃ፣ ከዚያ በኋላ እናወራለን።