የትኛው ፊውዝ? የእንግሊዝኛ የቁጣ ፈሊጦች ከየት መጡ

ሂሩት፦ የእንግሊዝኛን ፈሊጥ ከመሸምደድ የተወለደበትን ቦታ ማወቅ ይሻላል ባይ ነኝ። የቁጣ ፈሊጥ ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ አንዱን በሌላው ቦታ የተናገረ ሰው ያስቀይማል።

ዮናስ፦ እስቲ ምሳሌ አምጪ።

ሂሩት፦ «ሃቭ ኤ ሾርት ፊውዝ» (ፊውዙ አጭር መሆን) እና «ብሎው ኤ ፊውዝ» (ፊውዝ ማቃጠል)። ሁለቱም ስለ ቁጣ ናቸው፤ ፊውዙ ግን አንድ አይደለም።

ዮናስ፦ የሁለተኛው የኤሌክትሪክ መስመር ፊውዝ ነው። የመጀመሪያውስ?

ሂሩት፦ የፈንጂ ክር ነው። በእንግሊዝ አገር በኮርንዎል የማዕድን ቆፋሪዎች ዐለቱን በባሩድ ነበር የሚያፈርሱት። ክሩ ቶሎ ነድዶ ካለቀ ለኳሹ ገና ሳይሸሽ ይፈነዳበታል። ዊሊያም ቢክፎርድ እ.ኤ.አ. በ1831 በእኩል ፍጥነት የሚነድ ክር የሠራው ይህ አደጋ አሳስቦት ነው። እንግዲህ ክሩ አጭር የሆነ ሰው ማለት ለመሸሻ እንኳ ጊዜ የማይሰጥ ግልፍተኛ ነው። የምትናገረው ስለ ጠባዩ ነው።

ዮናስ፦ የኤሌክትሪኩ ፊውዝ ግን የሚቃጠለው ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት ብቻ ነው። ስለዚህ «ብሎው ኤ ፊውዝ» የአንድ ጊዜ ቁጣ ነው፤ ትዕግሥተኛ የሚባለውም ሰው ሲበዛበት ይደርስበታል።

ሂሩት፦ ልዩነቱ ይኸው ነው! ታጋሽ ባልደረባህን አንድ ቀን ስለጮኸ «ሾርት ፊውዝ አለው» ብትለው በደልኸው።

ዮናስ፦ እኔን የሚገርመኝ «ሌት ኦፍ ስቲም» (እንፋሎት ማስወጣት) ነው። እኛም «ተወው፣ ይተንፍስ» እንላለን።

ሂሩት፦ የእነርሱ የመጣው ከእንፋሎት ሞተር ነው፤ ትርፉ እንፋሎት በማስተንፈሻው ካልወጣ ውሃው የሚፈላበት ማሞቂያ ይፈነዳል። እ.ኤ.አ. በ1865 ሱልጣና የተባለችው የእንፋሎት መርከብ በአሜሪካ በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ማሞቂያዎቿ ፈንድተው ከ1,100 በላይ ሰው አልቋል። በዚያ ዘመን ለኖረ ሰው እንፋሎት ማስወጣት የነፍስ ጉዳይ ነበር። ፈሊጡ ዛሬም ነቀፋ የሌለበት ለዚህ ይመስለኛል፤ ስለ ራስህ ብትናገረው ማንም አይታዘብህም።

ዮናስ፦ «ሲ ሬድ»ስ (ቀይ ማየት፣ ማለትም በቁጣ መንደድ)? ሰው ቀይ ጨርቅ እያወዛወዘ በሬ ከሚገጥምበት ትግል መጣ ይባላል።

ሂሩት፦ ይባላል፤ በሬው ግን ቀይን ከሌላው ቀለም በደንብ አይለይም። የሚያስቆጣው የጨርቁ መወዛወዝ ነው። እኔ የምወደው «ፍላይ ኦፍ ዘ ሃንድል»ን (ከዛቢያው ወልቆ መብረር) ነው።

ዮናስ፦ የመጥረቢያውን?

ሂሩት፦ አዎን፤ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን የሰሜን አሜሪካ አነጋገር የወጣ ነው። ዛቢያው የላላ መጥረቢያ ሲሰነዘር ብረቱ ይወልቅና አጠገብ የቆመውን፣ ምንም ያላጠፋውን ሰው ይመታል። ቱግ ማለት ነው፤ ያውም ያለ በቂ ምክንያት። ስለዚህ አለቃህን «ፍላይ ኦፍ ዘ ሃንድል አደረገ» ካልህ ቁጣው ተገቢ አልነበረም ማለትህ ነው።

ዮናስ፦ በይቅርታ ላይ የሚሰማውም ለዚህ ነዋ! «ሶሪ፣ አይ ፍሉ ኦፍ ዘ ሃንድል» ይላሉ።

ሂሩት፦ አዎን። ያለ ጥፋትህ ነው የጮኽሁብህ ማለታቸው ነው።