እንዲለቀስልን መሞት የለብንም

እንደምን አመሻችሁ፣ አሰላሙ አለይኩም። በዚህ ሙቀት ከቤታችሁ ወጥታችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ ፊት ለፊት ምንጣፉ ላይ ቦታ አለ፣ ኑ ተቀመጡ። ለትልልቆቹ ወንበር ልቀቁላቸው።

ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ትንሽ ተናገር ተብያለሁ። ስለ ካሜራና ስለ ቀረጻ ሌላ ቀን እናወራለን። ዛሬ አንድ ነገር ነው የሆዴን የምነግራችሁ። የድሬ ዳዋ ልጅ ፍቅር እንደ ፍቅር አይቆጠርም። ፊልም የሚሠሩት አይቆጥሩትም፣ ገንዘብ የሚያወጡት አይቆጥሩትም። ይሄ ነገር ሲያንገበግበኝ ነው የኖረው።

ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ስንቀርጽ ደጃችሁ ነበርን። አንድ የመጋላ ሠፈር ልጅ አለ፣ ባጃጅ ይጠግናል። አንዲት የከዚራ ሠፈር ልጅ አለች፣ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዋን ጨርሳ ምደባ ትጠብቃለች። የሚገናኙት ቀን በስምንት ሰዓት ነው፤ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ፣ አዋቂው ሁሉ ጋደም ባለበት ሰዓት፣ ከዚራ ዛፎቹ ሥር። በዚያ ፀሐይ ፍቅር የያዘው ካልሆነ ማን ይወጣል? ድሬ በካርታ ትልቅ ከተማ ናት፣ ለፍቅረኞች ግን መንደር ናት። የባጃጁ ሹፌር አባትሽን ያውቃል፣ ሳምቡሳ የምትሸጠው ከእናትሽ ጋር ዕቁብ አላት፣ አንቺ የደቻቱን ወንዝ ሳትሻገሪ ወሬው ቤት ይገባል። ከዚያ ምደባው ይወጣል። ለልጅቷ ሩቅ ዩኒቨርሲቲ ይደርሳታል። አንድ ሌሊት አውቶቡስ ተሳፍራ ትሄዳለች። በቃ፣ ታሪኩ ይሄ ነው።

ይሄን ድርሰት ይዤ አዲስ አበባ አንድ ፕሮዲውሰር ጋ ሄድኩ። ስሙን አልጠራም። በደንብ ነው የተቀበለኝ፤ ቡና አዘዘልኝ፣ ድርሰቱንም እስከ መጨረሻው አንብቦት ነበር። መጀመሪያ ያለኝ «ለምን ቦሌ አይሆንም?» ነው። ድሬ ድረስ ባለሙያ ማመላለስ ወጪ ነው፣ ማደሪያ አለ፣ ተዋናዮቹን የሚያውቃቸው የለም። እሺ፣ ይሄ የሒሳብ ጉዳይ ነው፣ ሰማሁት። ቀጠለና «ልጁ አቦ አቦ የሚላትን እናብዛት፣ ሰው ይስቅባታል» አለኝ። ይሄንንም ዋጥኩት። ለምደነዋላ! የኛ አነጋገር ፊልም ውስጥ የሚገባው ለማሳቅ ነው። ሌላው ያፈቅራል፣ የድሬው ልጅ አጠገቡ ቆሞ ሰው ያስቃል። ስንት ዓመት እንደዚህ አየነው!

ከዚያ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠና «ማንም አይሞትም እንዴ?» አለኝ።

አይሞትም አልኩት።

ትንሽ አሰበ። ከዚያ ፊቱ በራ። «የናንተ አገር ጎርፍ ነበር አይደል? የ1998ቱ። እሱን አስገባው። ልጅቷን ጎርፉ ይውሰዳት። አዳራሹ በሙሉ ነው የሚያለቅስልህ።»

ቡናዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

ደቻቱን የማያውቅ ሰው ነው እንዲህ የሚያወራው። እኛ እናውቀዋለን። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፣ ሰው ይሻገርበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል፤ ዝናቡ ተራራው ላይ ይጥልና ውሃው ሳታስበው እኛ ላይ ይመጣል። በ1998 ክረምት ሰው በተኛበት ነው የመጣው። ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። እዚህ ከተቀመጣችሁት ውስጥ የዚያን ሌሊት ዘመድ ያጣችሁ አላችሁ። ታዲያ በናንተ ሐዘን ትኬት ልሽጥበት? የዚያ ሌሊት ፊልም ይሠራ፣ መሠራትም አለበት፣ ያለፈበት ሰው ይሥራው። የሁለት ልጆች ፍቅር ማዳመቂያ ግን አይሆንም! ሺህ ጊዜ ብር ቢመጣበት አይሆንም!

አንድ ነገር ልጠይቅ። የቦሌ ልጅ ፍቅረኛው ስልክ ስላላነሳችለት ብቻ ሙሉ ፊልም ይሠራለታል። ጎርፍ አምጣ የሚለው የለም። እኛ እንዲለቀስልን ለምን መሞት አለብን? ልጅቷ አውቶቡስ ልትሳፈር ስትል ልጁ ከጋራዥ እየሮጠ ይመጣል፣ እጁ ግሪስ በግሪስ ነው፣ ሱሪው ላይ ይጠርገዋል፣ አይለቅም፣ እናቷ አጠገቧ ቆማለች፣ እሱ እጁን እያየ ሳይጨብጣት አውቶቡሱ ይንቀሳቀሳል። ይሄ አያስለቅስም? እኔን ያስለቅሰኛል! እናንተንም ያስለቅሳችኋል፣ አውቃችኋለሁ!

መሸኘትን ማን ያስተምረናል? በ1895 ባቡሩ ከጅቡቲ እዚህ ሲደርስ ነው እኮ ይቺ ከተማ የተወለደችው። ፊት የተቀመጣችሁ የምድር ባቡር ጡረተኞች፣ ጣቢያው ላይ ስንት ሰው ሲላቀስ አይታችኋል? አሊ ቢራ እዚሁ ድሬ ተወልዶ አድጎ ፍቅርን በኦሮምኛም፣ በአማርኛም፣ በሐረሪም፣ በሶማሊኛም ዘፍኖልናል፤ ሲዘፍን የሳቀበት የለም። የኛም ልጅ ከአያቱ ጋር በኦሮምኛ፣ ከደንበኛው ጋር በሶማሊኛ፣ ከልጅቷ ጋር በድሬ አማርኛ ያወራል። ፊልሙ ላይ እንደዚያው ትሰሙታላችሁ።

ገንዘቡ ከየት መጣ ለምትሉ፣ ከዕቁብና ከጓደኛ ኪስ ነው። ሌላው ከናንተ ነው። ሳቢያን አንድ ቤት ውስጥ የእናትና የልጅቷን ጭቅጭቅ ስንቀርጽ ድምፅ እንዳይገባ ፋኑን አጠፋን። ግንቦት ነው፣ አስቡት። የልጅቷ ፊት በላብ ታጠበ፣ ሜካፑ አልቆም አለ። ድምፅ የሚቀዳው ልጅ ግን አሁንም የሆነ ነገር ይጮኻል አለ። ፍሪጅ ነው። የቤቱ እናት በረዶ ሠርተው ይሸጣሉ፣ የዕለት ገቢያቸው እሱ ነው። አፋችንን ሳንከፍት ሄደው ነቀሉት። ስንጨርስ በረዶው በሙሉ ውሃ ሆኖ ጠበቀን። እንክፈልዎት ብንል «የኔ ልጆች ታሪክ አይደል እንዴ?» ብለው ተቆጡን። ዛሬ እዚህ አሉ። እማማ፣ እባክዎ ይነሡ፣ ሰው ይይዎት።

አስተናጋጆቻችን፣ ተዋናዮቻችን፣ የሠፈር ወጣቶች፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሲኒማ ቤት ባለቤቶችም ካላችሁ፣ የአገር ቤት ፊልም የምታሳዩበትን ሰዓት አስቡበት፤ በስምንት ሰዓት ድሬ ማን ፊልም ያያል?

አንድ ልመና አለኝ። ስልካችሁን አጥፉ፣ አትቅረጹት። ይሄ ፊልም ነገ ቴሌግራም ላይ ከተለቀቀ የዕቁቡ ብር አይመለስም፣ የሚቀጥለውም አይሠራም። ያልወደዳችሁት ነገር ካለ ስትወጡ በር ላይ እቆማለሁ፣ ፊት ለፊት ንገሩኝ። በሉ መብራቱን አጥፉልን፣ ይጀመር።