«ያንኑ ወሬ ዛሬም?» — የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዛሬው የጥያቄና መልስ ሰዓታችን ርእሳችን በአረጋውያን ማዕከል የሚኖሩ እናቶችና አባቶች ናቸው። «የሕይወት ቅኝት» ስለሚባለው የምክር ሕክምና ከሰሜን ሸዋ የደወሉ አድማጮች ላነሷቸው ጥያቄዎች የሥነ ልቦና ባለሙያዋ የሰጧቸውን መልሶች እንደሚከተለው አቅርበናል።

ከደብረ ብርሃን፣ በአንድ የአረጋውያን ማዕከል በእንክብካቤ ሥራ ላይ ያለች አድማጭ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኛ ጋ አንድ የመንዝ ሰው አሉ። ጠዋት ፀሐይ ሊሞቁ ሲወጡ ጀምሮ የሚያወሩት ከወንድማቸው ጋር ስለተካሰሱበት ማሳ ነው። በ67 መሬት ሲታወጅ ወንድምየው ቀበሌ ገብቶ እንዴት እንዳስወሰደባቸው ይናገራሉ። ሌሎቹ «ያንኑ ወሬ ዛሬም?» እያሉ ይነሣሉ። ወሬ ባስቀይራቸው ይሻላል?

መልስ፦ አታስቀይሪያቸው። አንድ ነገር ብቻ አስቀድመሽ እዪ። አሁን ያወሩትን ከአምስት ደቂቃ በኋላ እንዳላወሩት ሆነው የሚደግሙት ከሆነ፣ የመርሳት በሽታ ሊሆን ይችላልና በሐኪም ይታዩ። ማውራታቸውን እያወቁ የሚደግሙት ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ድሮ ሐኪሞችም ቢሆኑ ሽማግሌ ስላለፈው ሲያወራ «ጃጀ» ነበር የሚሉት። እ.ኤ.አ. በ1963 ሮበርት በትለር የተባለ አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም ይህን የሚቃወም ጽሑፍ አወጣ። ሰው የሕይወቱ ማብቂያ እንደቀረበ ሲሰማው ያለፈውን ማገላበጡ የተፈጥሮ ነው አለ። አልቋጭ ያለው ነገር እየተመለሰ የሚመጣውም እልባት ፍለጋ ነው። ኤሪክ ኤሪክሰን ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ የሰውን ዕድገት በስምንት ደረጃ ከፍሎ ነበር። በመጨረሻው ደረጃ ላይ ያለ ሰው ወይ ኖሬያለሁ ብሎ ከራሱ ጋር ይታረቃል፣ ወይ ተስፋ ይቆርጣል ይላል። የሕይወት ቅኝት ሕክምና በእነዚህ ሁለት ሐሳቦች ላይ የቆመ ነው።

አሠራሩን በኋላ መልክ ያስያዘችው ባርባራ ሄይት የምትባል ነርስ ናት። አንድ ተናጋሪና አንድ አድማጭ ብቻቸውን በሳምንት አንድ ቀን፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ይቀመጣሉ። ይህ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይቀጥላል። ከልጅነት ተነሥተው ወደ ጉርምስና፣ ወደ ትዳርና ሥራ ይዘልቃሉ። የመጨረሻዎቹ ቀናት ሁሉንም አንድ ላይ አድርጎ ለመመዘን ናቸው። ሄይት ይህን አዲስ ወደ ማዕከል በገቡ አረጋውያን ላይ ሞክራው ድባቴና ተስፋ መቁረጥ ሲቀንስ አይታለች። ገና የገቡትን መምረጧ ልክ ነበር። ቤቱን፣ ጎረቤቱንና ዕድሩን ትቶ አንድ አልጋና አንድ ቁም ሣጥን ይዞ የቀረ ሰው ማን እንደነበረ የሚመሰክርለት የለውማ።

ከተራ ጨዋታ የሚለየው መመዘኑ ላይ ነው። እኚህ አባት ማሳው እንዴት እንደተወሰደባቸው መቶ ጊዜ ተናግረዋል። የጎደላቸው ጠያቂ ነው። «ወንድምዎ ያኔ ዕድሜው ስንት ነበር?» በያቸው። «ከዚያ በፊት ስትኖሩ እንዴት ነበራችሁ?» ሌላ ቀን ደግሞ «እርስዎ በእሱ ቦታ ቢሆኑስ?» ዝም ካሉ አብረሽ ዝም በይ። «ይተዉት አባባ፣ ያለፈ ነው» እንዳትዪ። ደግ አነጋገር ይመስላል፣ እኛ አገር ግን ስንት ሰው አፉን የተዘጋው በዚሁ ነው። ደግሞ ከወንድማቸው የግድ መታረቅ የለባቸውም። በደሉን በደል ብለው፣ ሰባ ዓመት የኖሩት ግን እሱን ብቻ እንዳልሆነ ካዩ ይበቃል።

ከመሐል ሜዳ፣ ሴት አድማጭ፦ እናቴ ማዕከል ከገባች ወዲህ አትናገርም። ሄጄ ስጠይቃት «ምን አለኝና ላውራ» ትለኛለች። ድሮ ጨዋታ አዋቂ ነበረች።

መልስ፦ መጀመሪያ የድባቴ ምርመራ ይደረግላት። «እርጅና ነው» ተብሎ ስንቱ ታልፏል! ድባቴ ግን የእርጅና ግዴታ አይደለም፣ ይታከማል። ምግብ መተው፣ ሌሊት መንቃት፣ «ሸክም ሆንኩባችሁ» ማለት ካለ ቀን አታሳልፊ።

ለጨዋታው ደግሞ «ስለ ሕይወትሽ ንገሪኝ» አትበያት። እንዲህ ያለ ጥያቄ እኔንም ዝም ያሰኘኛል። ዕቃ ይዘሽ ሂጂ። የመንዝ ሴት ናትና የታጠበ የበግ ጠጉርና እንዝርት ስጫት፣ ምንም አትጠይቂያት። እጇ ሥራውን ያውቀዋል። ጠጉሩን በጣቷ ፈልቅቃ «ይሄ የጠቦት ነው፣ ለባና (ለጠጉር ብርድ ልብስ) አይሆንም» ካለች ጀመረች ማለት ነው። ባናውን ማን ይሸምነው እንደነበር፣ ስንት እንደተሸጠ፣ ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ ከዚያ ወዲያ ራሱ ይመጣል። ከጓሳ የመጣ ሣርም ሊሆን ይችላል፣ ጎጆ ሲከደን የነበረውን ግርግር ያነሣል። አረጋውያን ከሁሉ አጥርተው የሚያስታውሱት በግምት ከአሥር እስከ ሠላሳ ዓመታቸው ያለውን ዘመን ስለሆነ፣ ከዚያ ዘመን ዕቃ ምረጪ። ፎቶ ካለ ጥሩ ነው። ያን ጊዜ ግን ገጠር ፎቶ የነበረው ስንቱ ነው?

የማየት ወይም የመስማት ችግር እንዳለባትም አጣሪ። ሳይሰሙ ቀርተው «ዘጋችን» የሚባሉ አሉ።

ከሸዋ ሮቢት፣ ወንድ አድማጭ፦ አባቴ በ2014ቱ ጦርነት ቤቱም ከብቱም ጠፍቶበታል። አሁን ማዕከል ነው ያለው። ያለፈውን ሲያነሡበት ያለቅሳል። ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም ይባላል፣ ቁስሉን መነካካት አይሆንም?

መልስ፦ ጥያቄዎ ተገቢ ነው ወንድሜ። ሰው ስላለቀሰ ብቻ ግን ተጎዳ አይባልም። «ሆድ ይፍጀው» ብሎ የኖረ ትውልድ አንድ ቀን ማልቀሱ ጤና ሊሆን ይችላል። የሚታየው ከልቅሶው በኋላ ያለው ነው። ያን ሌሊት ተኝተዋል? በማግስቱ በልተዋል? ሰው ቀርበዋል? ቅዠት ከበረታባቸው፣ ድምፅ በሰሙ ቁጥር የሚበረግጉ ከሆነ፣ ከሁሉም በላይ መሞት እንደሚፈልጉ ከተናገሩ፣ ቅኝቱ ይቁምና ወደ አእምሮ ጤና ባለሙያ ይውሰዷቸው። ለእንዲህ ያለው ጉዳት የራሱ ሕክምና አለው፣ በጨዋታ የሚወጣ አይደለም።

ሁኔታቸው የሚፈቅድ ከሆነም በጦርነቱ አይጀመርም። ያንን ጎርጉሮ ማውጣት አይገባም፣ እሳቸው ሲያነሡት ይሰሙ። አባትዎ ከ2014 በፊትም ሰው ነበሩ። ማሽላ ያመረቱ፣ ልጅ የዳሩ፣ ሽማግሌ ሆነው ያስታረቁ። 77ን እንዴት አለፉት? በብሔራዊ ውትድርና ዘመን ልጆቹን እንዴት አተረፉ? ቀድሞ የተሻገሩትን መከራ በራሳቸው አፍ ሲተርኩ አቅማቸው አብሮ ይነሣል።

ከአንኮበር አድማጭ፦ ይህ እኮ ንስሐ ነው። ለነፍስ አባት የሚነገረውን ለባለሙያ ምን አስነገረው?

መልስ፦ አይደለም። ባለሙያው አያናዝዝም፣ ቀኖናም አይሰጥም። ኃጢአት ነው ብለው የሚያስቡትን ነገር ካነሡ «የነፍስ አባትዎን ልጥራልዎ?» ይባላሉ፣ ሙስሊሙም ሼኹ ይጠሩለታል። አንዳንዱ ሰው ጉዳዩን በቃላት ማስቀመጥ የሚችለው ለሌላ ሰው ካወራው በኋላ ስለሆነ፣ ሁለቱ ተጋጭተው አያውቁም።

ከደብረ ሲና፣ ሴት አድማጭ፦ የመርሳት በሽታ ላለባቸውስ ይሆናል? እናታችን የሞተ አባታችንን «ገበያ ሄዷል» ትላለች። እናርማት?

መልስ፦ በሽታው ገና ሲጀምር ይሆናል፣ ጥያቄው አጠር፣ ጊዜውም አነስ ይበል። ከገፋ በኋላ መመዘኑ ይቀርና ዘፈኑ፣ መዝሙሩ፣ የቡናው ሽታ ይተርፋል፣ እሱም ትንሽ ነገር አይደለም። አታርሟት። ሞቱን በነገራችኋት ቁጥር እንደ አዲስ መርዶ ነው። «ገበያ ሲሄድ ምን ያመጣልሽ ነበር?» በሏት።

ከደብረ ብርሃን፣ ወንድ አድማጭ፦ አባታችን ያሉበት ማዕከል አንዲት ሠራተኛ ታሪካቸውን በሞባይል ቀድታለች። ስለ ቤትና ስለ ቦታ ተናግረዋል ይባላል። እኛ ልጆቹ ቅጂውን ስንጠይቅ ከለከለችን። መብታችን አይደለም?

መልስ፦ አይደለም፣ ልጅቷ ልክ ናት። ቅጂው የአባታችሁ ነው። ከመቀዳታቸው በፊት መፍቀዳቸውን፣ ማን እንዲሰማው እንደሚፈልጉም መጠየቅ ነበረባት፣ ያንን አድርጋ እንደሆነ ማዕከሉን ጠይቁ። እንዲህ ባለ ሰዓት ከትዳር ውጭ የተወለደ ልጅ ይነሣል፣ ያልተከፈለ ዕዳ ይነሣል። ነገ ለሙግት እንደሚወጣ ያወቀ ሽማግሌ አፉን አይከፍትም፣ ሌሎቹም አይተው ይዘጋሉ። ሥራው ልዩ ዲግሪ የግድ አይፈልግም፣ ሥልጠናና የሚከታተል ባለሙያ ካለ ነርስም ማኅበራዊ ሠራተኛም ይሠራዋል። ምሥጢር መጠበቅ የማይችል ሰው ግን ባይጀምረው ይሻላል።

የቤቱና የቦታው ነገር መንገዱ ኑዛዜ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ ይፈረማል። አባታችሁ ይህን ይፈልጉ እንደሆነ እሳቸውኑ ጠይቋቸው፣ የሕግ ሰውም አማክሩ። ከተቻለ ደግሞ ስትጠይቋቸው ሁላችሁም ባንድ ቀን አትሂዱ።