አይ ፎር አክንባሎ

ይበልጣል፦ እሺ፣ ገባን። እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬም ከባሕር ዳር ነን። ርዕሳችን ልጅ የት እናስተምር ነው። የግል፣ የመንግሥት ወይስ እቤት?

ሰብለ፦ መጀመሪያ ያቺን የአክንባሎዋን ንገራቸው።

ይበልጣል፦ እሷ ርዕሱ አይደለችም እኮ።

ሰብለ፦ ንገራቸው አልኩህ!

ይበልጣል፦ (ሳቅ) እሺ። ልጄ አምስት ዓመቱ ነው፣ ዘንድሮ ኬጂ 1 ነበር። አንድ ቀን የቤት ሥራ ይዞ መጣ። «አይ ፎር ኢግሉ» ይላል። ከሥሩ ሥዕል አለ፤ አሥር ጊዜ ጻፍ፣ ቀለም ቀባ። እኔ ራሴ ኢግሉ ምን እንደሆነ አላውቅም፣ እውነቴን ነው! ስልኬን አውጥቼ ፈለግሁ። ለካ በረዶ አገር ያሉ ሰዎች በረዶውን እንደ ጡብ እየቆረጡ የሚሠሩት ቤት ነው።

ሰብለ፦ በባሕር ዳር ሙቀት!

ይበልጣል፦ በሚያዝያ! ልጁ በካናቴራ ቁጭ ብሎ፣ ላቡ ደብተሩ ላይ ጠብ እያለ የበረዶ ቤት ይቀባል። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ሥዕሉን አየችው። «ይኼማ አክንባሎ ነው፤ እጀታው ብቻ ነው የቀረው» አለች።

ሰብለ፦ (ሳቅ) ቁርጥ አክንባሎ! እውነታቸውን እኮ ነው።

ይበልጣል፦ በማግስቱ ሚስ ስትጠይቀው ተነስቶ «አይ ፎር አክንባሎ!» ብሎ ቁጭ። ማታ ኮሚዩኒኬሽን ቡኩ ላይ በቀይ ተጽፎ መጣ። ልጅዎ ክፍል ውስጥ አማርኛ እየተናገረ ስላስቸገረ እቤት በእንግሊዝኛ ያናግሩት ይላል። ማን? እናቴ?

ሰብለ፦ እማማ በእንግሊዝኛ ሲቆጡ ታየኝ።

ይበልጣል፦ እኔን የሚያንገበግበኝ ምን መሰለሽ፣ ሐይቅ ዳር ወስጄው «ቲ ፎር ትሬን» ይለኛል። ባቡር አይቶ አያውቅም። ፊት ለፊቱ የደንገል ታንኳ ቆሟል። ቲ ፎር ታንኳ ቢሉት ምን ነበረበት? 26ቱን የእንግሊዝኛ ፊደል እንደ ውኃ ይጠጣዋል፤ «ለ»ን ከ«ሰ» ግን አይለይም። ባጃጅ ጀርባ ላይ የተጻፈውን እንኳ «አባዬ፣ አንብብልኝ» ነው የሚለው።

ሰብለ፦ እዚህ ላይ ግን አልስማማም። ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው። ያኔ ማን ይደርስለታል?

ይበልጣል፦ ያኔ የሚያድነው ያነበበው ሲገባው ነው። የ2014 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናን አስታውሺ። ሀምሳ ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። በ2016ም 5.4 ነው። ከወደቁት ውስጥ በኤ ፎር አፕል የጀመረ የለም?

ሰብለ፦ እሱ ሌላ ጣጣ ነው፣ አታቀላቅል። የኔዋ መንግሥት ናት፣ ኦ ክፍል፣ ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው። ክፍያ የለም፣ ሁሉም በአማርኛ ነው፤ አንተ የምትለው ማለት ነው። ሄጄ አየሁ። አንድ ዴስክ ላይ አራት ሆነው ይቀመጣሉ። መምህሯ ጎበዝ ናት፣ ግን ያን ሁሉ ልጅ ይዛ ምን ታድርግ? ጎኗ ያለችው ልጅ እርሳስ የላትም። የኔዋ የራሷን በጥርሷ ሰብራ ግማሹን ሰጥታታለች።

ይበልጣል፦ በጥርሷ?

ሰብለ፦ በጥርሷ። አሁን በየሳምንቱ ሁለት እርሳስ ነው የምገዛው።

ይበልጣል፦ ይኼ እኮ መምህር ሲያፈራ የኖረ ከተማ ነው! የመምህራን ማሠልጠኛውን ፔዳ፣ ፔዳ እንላለን፤ ስሙ ራሱ ከፔዳጎጂ የመጣ ነው። በ1992 ከፖሊ ቴክኒኩ ጋር ተዋህዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ከአጥሩ ማዶ ልጆቻችን አራት ሆነው ይቀመጣሉ።

ሰብለ፦ «ፔዳ፣ ፔዳ፣ አንድ ሰው!» የሚለው ረዳት ይሄን አይሰማም።

ይበልጣል፦ እኔ ፊደል የቆጠርኩት ዘጌ ነው፣ ቡና ጥላ ሥር። የኔታ በስንደዶ እየጠቆሙ «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ»። ከዚያ አቡጊዳ፣ መልእክተ ዮሐንስ፣ ዳዊት። ሰባት ዓመት ሳይሞላኝ አነብ ነበር። ስንደዶዋ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለች፤ ጫፏ በእጃቸው ወዝ ጠቁሮ…

ሰብለ፦ አለንጋውስ?

ይበልጣል፦ አለንጋው… ነበረ።

ሰብለ፦ አየህ!

ይበልጣል፦ አልካድኩም። ግን አንብቤያለሁ።

ሰብለ፦ ተገርፈህ።

ይበልጣል፦ ተገርፌም አንብቤያለሁ። እሺ እሱ ይቅር። ሐሳቤ ምንድን ነው፣ አንደኛ ክፍል መግቢያው ሰባት ዓመት ነው። ጊዜ አለኝ። ከኬጂው ላስወጣውና እቤት ፊደል ይቁጠር። ከጎረቤት ሦስት አራት ልጅ ሰብስበን አንድ አስጠኚ እንቀጥራለን። የግሉ ወርኃዊ ክፍያ እኮ የቤት ኪራዬን ሊያህል ምንም አልቀረው!

ሰብለ፦ ቀን ቀን ማን ይይዛቸዋል?

ይበልጣል፦ እናቴ አለች።

ሰብለ፦ ጠይቀሃቸዋል?

ይበልጣል፦ …አልጠየቅኋትም።

ሰብለ፦ (ሳቅ) አራት ልጅ ታሸክማቸዋለህ፣ ሳትጠይቃቸው! ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ከከተማው ወጣ ስትል ትምህርት ቤቱ እንደተዘጋ የቀረ ልጅ አለ። እኛ ኢግሉ ነው አክንባሎ እያልን እንከራከራለን።

ይበልጣል፦ እሱስ… ልክ ነሽ። እሱን ሳስብ አፌ ይያዛል።

ሰብለ፦ ለማንኛውም ምዝገባው ሰኞ አይደል የሚያልቀው? ከፈለግህ ነገ ኦ ክፍሉን ላሳይህ፣ ርዕሰ መምህሩን አውቃቸዋለሁ።

ይበልጣል፦ እ… ከፍያለሁ።

ሰብለ፦ ምኑን?

ይበልጣል፦ የኬጂ 2 መመዝገቢያ። ቦታ እንዳይሞላብኝ ብዬ፣ ባለፈው ሳምንት።

ሰብለ፦ እዚያው? ባለ ኢግሉዎቹ ጋ?

ይበልጣል፦ እዚያው። ከተከፈለ ደግሞ አይመለስም አሉኝ።

ሰብለ፦ አይ አንተ!

ይበልጣል፦ አይ ፎር አንተ።