ስካኑ ንጹሕ ነው፤ ሰውየው ግን ታሟል

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ካህናት፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ከየጤና ኬላው የመጣችሁ እኅቶች፣ እንደምን አደራችሁ!

ዛሬ መስከረም 30፣ የዓለም የአእምሮ ጤና ቀን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በየዓመቱ ይከበራል። አዘጋጆቹ «ስለ አእምሮና ስለ ነርቭ ሕመም ምርመራ ተናገር» ሲሉኝ ደስ አለኝ። ስለ መድኃኒት ብዙ ይወራል። ስለ መገለልም ይወራል። ሐኪሙ «ይህ ሰው ያለበት ሕመም ይህ ነው» የሚለው ከምን ተነስቶ እንደሆነ ግን እምብዛም አይነገርም። ቅሬታው የሚበዛው ደግሞ እዚያ ላይ ነው።

ቅሬታውን ታውቁታላችሁ። ቤተሰብ ከደባርቅ ወይም ከቆላ ድባ ሕመምተኛውን ይዞ ወደ እኛ ወደ ጎንደር ይመጣል። ለመሳፈሪያ በግ ተሸጧል። ካርድ ወጥቶ፣ ተራ ተጠብቆ ሲገባ ሐኪሙ ጥያቄ ያበዛል። መቼ ጀመረው? እንቅልፉስ? ድሮ ምን ዓይነት ሰው ነበር? አስታማሚው ይናደዳል። «ወሬ ልናወራ ነው እንዴ የመጣነው? የጭንቅላት ስካን አንሱልን እንጂ!» ስካኑ ይነሳል፤ ንጹሕ ይሆናል። «ምንም የለበትም አሉን» ብለው ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። ሰውየው ግን እንደታመመ ነው።

እኔ ዛሬ የመጣሁት ለዚያ «ወሬ» ልከራከርለት ነው። በእኛ ሙያ፣ በአእምሮ ሕክምና፣ ዋናው ምርመራ እሱ ነው።

ድባቴን፣ ባይፖላርን (ድባቴና ከልክ ያለፈ መፈንጠዝ የሚፈራረቁበትን ሕመም)፣ ስኪዞፍሬኒያን (የሌለ ድምፅ የሚያሰማውን፣ ከእውነታ የሚያርቀውን ሕመም) የሚያሳይ የደም ምርመራ የለም። በስካንም አይታዩም። ይህ የጎንደር ድህነት አይደለም። ለንደን ያለውም ሐኪም ጠይቆና አይቶ ነው የሚወስነው። «ታዲያ ደሜን ለምን ትቀዱታላችሁ?» ትሉኝ ይሆናል። ሌላ በሽታ እንዳያመልጠን ነው። የታይሮይድ ዕጢ ሥራው ሲቀንስ ሰው ይፈዛል፣ ይረሳል፣ ይከፋዋል። ቁጭ ድባቴን ይመስላል። ቂጥኝ፣ ኤችአይቪ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት አእምሮ ውስጥ ይገባሉ። ስኳሩ የወረደበት ሰው ደግሞ ይንገዳገዳል፣ ይሳደባል። የሰከረ መስሏቸው የሚስቁበት አሉ። የሚያስፈልገው ግን ቶሎ የሚጣፍጥ ነገር መቅመስ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የሚሞትበት ቦታ ስለሆነ። አሁን የሰሊጥ አጨዳ ወቅት ነው። ልጆቻችን ወደ መተማና ወደ ሁመራ ይወርዳሉ። አንዱ ትኩሳት ይዞት ይመለሳል። በሁለተኛው ቀን የማይገናኝ ነገር ይናገራል፣ እናቱን አያውቃትም፣ ልብሱን ይጥላል። «ቆላ ለክፎት መጣ» ይባላል። ይህ የአንጎል ወባ ሊሆን ይችላል። ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል። በወራት ቀስ ብሎ የመጣ ለውጥና በሁለት ቀን የመጣ ለውጥ አንድ አይደሉም። ድንገት የመጣ ከሆነ፣ ትኩሳት ካለው፣ ቀን ሻል ብሎት ማታ የሚብስበት ከሆነ፣ መጀመሪያ ወደ እኔ ክፍል አታምጡት። ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። አሁኑኑ።

አረቄም እንዲሁ ነው። እግሩ ተሰብሮ አልጋ የያዘ ሰው አለ እንበል። በሦስተኛው ቀን ይንቀጠቀጣል፤ ግድግዳው ላይ የሌለ ነፍሳት ያያል። «አበደ» ተብሎ እንጠራለን። በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው ድንገት ሲያቆም ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ይህ ሊመጣበት ይችላል። ካልታከመም ይገድላል። ዘመዱን «ይጠጣል?» ብለን እንጠይቃለን። «ኧረ እሱ! አልፎ አልፎ ጠላ ቢቀምስ ነው።» ይህን መልስ ያልሰማ ሐኪም ጎንደር ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ክብሩን ለመጠበቅ ነው፤ ይገባኛል። ግን እባካችሁ ለእኛ እውነቱን ንገሩን።

አሁን ወደሚጥል በሽታ ልምጣ። ለዚህኛው መሣሪያ አለ። የአንጎልን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግበው ኢኢጂ ነው። ሃንስ በርገር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1924 ከሰው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ መዘገበ። ጥሩ መሣሪያ ነው። ችግሩ ምንድን ነው? ልጁን በወር አንድ ጊዜ ለሁለት ደቂቃ ይጥለዋል። መሣሪያው የሚያየው ግን ምንም ያልሆነበትን ግማሽ ሰዓት ነው። የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ በመጀመሪያው ኢኢጂ ምንም ላይታይባቸው ይችላል። «ኢኢጂው ደህና ነው» ማለት «በሽታው የለም» ማለት አይደለም።

ስለዚህ ያየ ሰው ያስፈልገናል። ሕመምተኛው ራሱ ብዙ ጊዜ አያስታውስም። አባቱ ይዞት ይመጣል። «ሲጥለው ምን ይመስላል?» እንላለን። «እኔ አላየሁትም፤ ያየችው እኅቱ ናት።» «እሷስ የት ናት?» «ከብት ትጠብቃለች።» ዋናዋ ምስክር ሜዳ ላይ ቀርታ አባትየው ምን ሊነግረን ነው? እባካችሁ ያየውን ሰው ይዛችሁ ኑ። ካልተቻለም ስልክ ደውሉላትና እናናግራት።

ሌላ ነገር አለ። ሰው ሲወድቅ ግማሹ ይሸሻል፤ ለሃጩ ያስተላልፋል ብሎ። አያስተላልፍም። ግማሹ ክብሪት ጭሮ ያሸትተዋል። አይጠቅምም። ከእሳትና ከድንጋይ አርቁት፤ በጎኑ አስተኙት፤ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ። አምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ሩጡ። ከዚያ አንድ ሰው ስልኩን አውጥቶ ይቅረጸው። ለፌስቡክ አይደለም፤ ለሐኪሙ ብቻ። ዓይኑ ተገልጦ ነበር ወይስ ተጨፍኖ? ከየትኛው እጅ ጀመረ? ስንት ደቂቃ ቆየ? ያቺ ቪዲዮ ከብዙ ወረቀት ትበልጥብኛለች።

ምክንያቱም የወደቀ ሁሉ የሚጥል በሽታ የለበትም። በፍልሰታ ጾም ቅዳሴ ላይ ረጅም ሰዓት የቆመች ልጅ ራሷን ስታ ልትወድቅ ትችላለች። ለጥቂት ሰከንድም ልትንዘፈዘፍ ትችላለች። እሷ የምትፈልገው ውኃና ዕረፍት ነው። አንዳንዱ ደግሞ ሲጥለው የሚጥል በሽታን ቁርጥ ይመስላል፤ አንጎሉ ውስጥ ግን ያ የኤሌክትሪክ ማዕበል የለም። ብዙውን ጊዜ ዓይኑ ይጨፈናል፤ ረጅም ሰዓት ይቆያል። ይህ ሰው እያስመሰለ አይደለም። እውነተኛ ሕመም ነው፤ ሕክምናው ግን ሌላ ነው። ፌኖባርቢታል የተባለውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት ቢውጥ ያደነዝዘዋል እንጂ አያድነውም። እነዚህን ሦስቱን የሚለያቸው በአብዛኛው ያየው ሰው የሚሰጠው ቃል ነው።

አሁን ደግሞ ራሳችንን ባለሙያዎቹን ልውቀስ። መጠይቆቻችንን ማለቴ ነው።

የመርሳት ችግርን ለመለካት በዓለም ላይ በብዛት ከሚሠራባቸው መመዘኛዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1975 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ነው። ከ30 ይታረማል። ብዙ ጊዜ ከ24 በታች ያመጣ ሰው ያጠራጥራል። አሁን አንዲት የወገራ እናት አስቡ። ሰማንያ ዓመታቸው ነው፤ ትምህርት ቤት ገብተው አያውቁም። «ከ100 ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሱ ይቁጠሩ» ይባላሉ። አምስት ነጥብ። «ይህን አንብበው ያለውን ያድርጉ።» አንድ ነጥብ። «አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ።» አንድ። «ይህን ባለ አምስት ጎን ቅርጽ ይሣሉ።» አንድ። ስምንት ነጥብ ሄደ! ሌላውን ሁሉ ቢመልሱ 22 ነው። እናታችን ምንም ሳይሆኑ ታመሙ ማለት ነው።

ጥያቄዎቹን ተርጉመናቸዋል። አገር ግን አላለመድናቸውም። «ቀኑ ስንት ነው?» ሲባሉ «ዛሬማ መድኃኔ ዓለም አይደል እንዴ?» ይላሉ። ልክ ናቸው፤ 27 ነው። ወጣቱ ሐኪም ግን ቁጥር ስላልሰማ ኤክስ ያደርጋል። «ስንተኛ ፎቅ ላይ ነን?» ፎቅ ላይ ስንት ጊዜ ወጥተው ያውቃሉ? ሰዓት አሥሎ የሚፈትን መመዘኛም አለ። እኛ አገር አምስት ሰዓት ሲሆን የአንዱ ቤት ሰዓት 5 ላይ ያመለክታል፤ የሌላው 11 ላይ። የትኛውን ነው ስሕተት የምንለው?

በተቃራኒውም እንሳሳታለን። ዳዊትን በቃላቸው የሚያወርዱ መምህር አሉ እንበል። አንዲት ፊደል አትዛነፍባቸውም። ቤተሰቡ «እሳቸው ምን ሆነው! አእምሯቸው እኮ ምላጭ ነው» ይላል። ምሳ መብላታቸውን ግን አያስታውሱም፤ ያንኑ ጥያቄ ደጋግመው ይጠይቃሉ። በልጅነት የተያዘ ነገር ቶሎ አይጠፋም። መጀመሪያ የሚሄደው የዛሬው ነው። ስለዚህ ከዳዊቱ ይልቅ የቀን ውሎውን ጠይቁ። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መንገድ ይጠፋቸዋል? የብር ኖት ይለያሉ? ወጥ እሳት ላይ ጥደው ይረሳሉ? ታንዛኒያ ላይ ማንበብ ለማይችሉ አረጋውያን ታስቦ የተዘጋጀ አጭር መመዘኛ አለ። ብዕር አያስይዝም፤ በክብሪት እንጨት ቅርጽ ያስደረድራል። እኛም እንዲህ ያለ ያስፈልገናል። ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታሠለጥን የኖረች ከተማ ይህ አያቅታትም ባይ ነኝ።

ለጤና ጣቢያ ባልደረቦቼ ሁለት ነገር ብቻ። ራሴን ያቃጥለኛል፣ ጨጓራዬን፣ ወገቤን እያለች ደጋግማ የምትመጣ ሴት አለች። ሁሌም የጨጓራ መድኃኒት ይዛ ትሄዳለች። እንቅልፏንና የምግብ ፍላጎቷን ጠይቋት። ሲጠይቋትም አማቷ አጠገቧ አይቀመጡ፤ በትሕትና «እማማ፣ ትንሽ ውጭ ይጠብቁን» በሉ። «ሕይወትሽን ለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ መጠየቅም ሐሳቡን አያመጣባትም። ለብዙዎች እፎይታ ነው።

«ሦስት ሐኪም ሦስት ስም ሰጠን» የሚሉ ቤተሰቦችም አሉ። አንዳንዴ ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ወረፋው ረጅም፣ ሰዓቱ አጭር፣ የድሮው ካርድ የጠፋ። ሁሌ ግን እንደዚያ አይደለም። ባይፖላር ብዙ ጊዜ በድባቴ ይጀምራል፤ ሌላው ፊቱ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ሊሆን ይችላል። በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች የምርመራ መመሪያ ደግሞ ስኪዞፍሬኒያ ለማለት ምልክቱ ስድስት ወር መቆየት አለበት፤ በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ አንድ ወር። በመጀመሪያው ሳምንት ስም ለመስጠት የማይቸኩል ሐኪም ቢገጥማችሁ አትናቁት። የሚሰጣችሁን ወረቀት ሁሉ ግን በፌስታል ጠቅልላችሁ አስቀምጡ።

መጨረሻ ላይ አባቶቼን ልለምን። ሕዝባችን ጸበል ይሄዳል። ይሂድ፤ እኔ አልከለክልም። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ድንገት ሲቋረጥ ግን ሰውየውን ሳያባራ ሊጥለው ይችላል፤ ሊሞትም ይችላል። መድኃኒቱንም ጸበሉንም አብረው እንዲያደርጉ የምትመክሩ አባቶች እዚህ መካከል እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሌሎቻችሁም እንዲሁ ብትሉልን ሰው ታተርፋላችሁ።

ለምርመራውም ጣጣ አለው። ሰውየው ጸበል ገብቶ ክኒኑን ለሱባኤው ሁሉ ያቆማል። ይጥለዋል። ወደ እኛ ይመጣል። «መድኃኒቱን ትወስዳለህ?» «አዎ።» እኛ ደግሞ መድኃኒቱ አልሠራም ብለን መጠኑን እንጨምራለን፣ ሌላ እንቀይራለን፣ አልፎ ተርፎ የበሽታውን ስም እንጠራጠራለን። የተሳሳተው ግን መልሱ ነበር። ጸበል የገባበትን ቀን፣ ክኒኑን ያቆመበትን ቀን ንገሩን። አንቆጣም። የሚቆጣችሁ ባለሙያ ካገኛችሁ ሌላ ባለሙያ ጠይቁ።

ጊዜው ሳያልቅ ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። በሰው ፊት መጠየቅ የከበዳችሁ ደግሞ በር ላይ ያሉት ነርሶች ወረቀት ይዘዋል፤ መጻፍ ለማትችሉ እነሱ ይጽፉላችኋል።