ሻንሲ ከውስጥ ሲዝግ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

የዛሬው ክፍላችን ስለ ቆዩ ሞተር ሳይክሎች ሻንሲ፣ ማለትም ሁሉን ስለሚሸከመው የብረት አጽማቸው ነው። የደዋዮቹ ስጋት ተቀራራቢ ነው፦ ቀለሙ ከላይ እያበራ ብረቱ ከውስጥ ቢያልቅስ?

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ከአባቴ የወረስኩት ቬስፓ አለኝ። እግር ማሳረፊያው ላይ ቀለሙ ማበጥ ጀምሯል። አስፍቄ፣ ስቱኮ አስመትቼ ላስቀባው ነው። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ቀለም እንዲህ ሲያብጥ ዝገቱ ብዙ ጊዜ ከታች ጀምሮ ነው ላይ የደረሰው። ቬስፓ እንደ ሌላው ሞተር የቧንቧ ሻንሲ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1946 ሥራ ላይ ከዋለ ጀምሮ አካሉ ራሱ ሻንሲው ነው፤ በማተሚያ ተጨምቆ ቅርፅ ከያዘ ላሜራ የተሠራ። ወለሉ ስር በአግድም የተበየዱ ማጠናከሪያዎች አሉ። መሃል ለመሃል ደግሞ የፍሬንና የፍሪሲዮን ገመዶች የሚያልፉበት ክፍት ቦታ አለ። ውሃና ጭቃ ገብቶ የሚተኛው እዚያ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ያስገልብጡት። ወስፌ ይያዙና ወለሉን ከስር ወጋ ወጋ ያድርጉት። ጤነኛ ላሜራ ወስፌውን ይመልሰዋል። የተበላው ያስገባዋል፣ ወይም ይፈረፈራል። ከገባ ስቱኮ መፍትሔ አይሆንም፤ እርጥበቱን ከስሩ ይዞ ይቆያል እንጂ። የተበላው ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ ይበየድ። የአባት ዕቃ ነውና ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ አይቆጭም።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ያማሃ ዲቲ አለኝ። ሻንሲው ከታች በኩል ትንሽ ቀዳዳ አለው። ጭቃ እንዳይገባበት በብየዳ ልድፈነው?

መልስ፦ በፍጹም እንዳትነካው! ሻንሲ ይተነፍሳል። ቀን ፀሐይ ሲመታው ውስጡ ያለው አየር ይሰፋና ይወጣል። ማታ ሲቀዘቅዝ በየብሎን ቀዳዳው፣ በየስንጥቁ እርጥብ አየር ይስባል። ያ እርጥበት የቧንቧው ግድግዳ ላይ ላብ ሆኖ ይወርድና ዝቅ ያለው ቦታ ይጠራቀማል። ያቺ ቀዳዳ የተተወችው ውሃው እንዲወጣ ነው።

ዙሪያውን በብየዳ ድፍን የተደረገ ቧንቧ ሌላ ጉዳይ ነው። ውስጡ ሦስት ሊትር አየር ቢታሸግ ኦክስጅኑ አንድ ግራም እንኳ አይሞላም። እሱ ሲያልቅ ዝገቱም ይቆማል። ብረት የሚበላው ውሃ የሚያስገባ፣ ግን የማያስወጣ ቧንቧ ነው። ቀዳዳዋን ስትደፍን የምትፈጥረው ልክ እሱን ነው። ይልቅ በቀጭን ሽቦ እየጠረግህ ክፍት አድርጋት። ላቫጆ ስትወስደውም ባለ ግፊቱን ውሃ መጋጠሚያዎቹ ላይ አጠገብ አድርገው እንዳይረጩ ንገራቸው። ደግሞ የባትሪውን መተንፈሻ ላስቲክ እየው። ከቦታው ከወለቀ አሲዱ የሚንጠባጠበው ሻንሲው ላይ ነው።

ጥያቄ (ከድሬዳዋ)፦ አንዱ መካኒክ ሻንሲው ውስጥ የተቃጠለ ዘይት አፍስስበት ይለኛል። ሌላው የተልባ ዘይት ይላል። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ የተልባ ዘይት የመከረህ ሰው ትክክል ነው። የድሮ ትንንሽ አውሮፕላኖች አካል ከቀጫጭን የብረት ቧንቧ የተበየደ ነበር። ቧንቧዎቹ ውስጥ የሞቀ የተልባ ዘይት ይገባል፣ የተረፈው ይንጠፈጠፋል፣ ከዚያ ቀዳዳው ይታሸጋል። የተልባ ዘይት ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ይደርቅና ስስ ሽፋን ይሆናል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት አይደርቅም፤ ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። ከሞተሩ ይዞት የመጣው አሲድና እርጥበትም አብሮት አለ።

ገበያ ላይ የሚገኘው የምግቡ የተልባ ዘይት ለመድረቅ በጣም ይቆያል። ከቀለም ሱቅ ማድረቂያ የተጨመረበትን ፈልግ። ከዘይቱ በፊት ግን ውስጡ ይጽዳ። የለቀቀውን ዝገት ትንንሽ ዳዶዎች አስገብተህ በማንቀጥቀጥ አውጣው። ዳዶዎቹን ቆጥረህ አስገባ፣ ቆጥረህ አውጣ። በኮምፕሬሰር ንፋውና ፀሐይ ላይ በደንብ ይድረቅ። እርጥብ ብረት ላይ ዘይት ማፍሰስ ውሃውን ማሸግ ነው። ከዚያ ግማሽ ሊትር ያህል በስሪንጅ ጨምር፣ ሻንሲውን በሁሉም ጎኑ እያገላበጥህ አዳርስ፣ የተረፈውን አንጠፍጥፍ።

አንድ ነገር አደራ። የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨማድዶ ጥግ ላይ ከተጣለ ሲደርቅ ራሱ ይሞቅና ያለ ክብሪት ሊነድ ይችላል። ጋራዥ የሚያቃጥል ነገር ነው። ጨርቁን ውሃ ውስጥ ንከረው፣ ወይም ደጅ ዘርግተህ አድርቀው።

ጥያቄ (ከለንደን)፦ እ.ኤ.አ. የ1972 ትራያምፍ ቦነቪል እያደስኩ ነው። እዚህ በብርዱ ወቅት በረዶው እንዲቀልጥ መንገዱ ጨው ይነሰነስበታል። ሻንሲውን በዋክስ (ዝገት በሚከላከል ሰም) ሞልቼ፣ ከዚያ በአሸዋ አስነፍቼ የዱቄት ቀለም ላስቀባው አስቤያለሁ።

መልስ፦ ቅደም ተከተሉን ይገልብጡት። የዱቄት ቀለም ወደ 200 ዲግሪ በሚጠጋ ምድጃ ነው የሚጋገረው። ዋክሱ እዚያ ቀልጦ ይፈስና ቀለሙን ያበላሻል። መበየድ ያለበት ቀድሞ ይበየድ፤ ዋክስ ወይም ዘይት ያለበት ቧንቧ ላይ ብየዳ እሳት ያስነሳል። ቀጥሎ ይነፋ፣ ይቀባ፣ ዋክሱ መጨረሻ ላይ ይግባ። ጨው ላለበት አገር ዋክስ ጥሩ ነው፤ ለስላሳ ሆኖ ስለሚቆይ በንቅናቄ ብዛት አይሰነጠቅም።

የእርስዎ ሞተር ግን ከሌላው የሚለይበት ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ከ1971 ሞዴል ጀምሮ የቦነቪል የሞተር ዘይት የሚቀመጠው ወፍራሙ የሻንሲ ቧንቧ ውስጥ ነው። ያ ቧንቧ ከውስጥ ዋክስም የተልባ ዘይትም አያስፈልገውም፤ ዘይቱ ይጠብቀዋል። የሚያስፈራው አሸዋው ነው። ሲነፋ አንዲት ቁንጥር አሸዋ ከገባች ከዘይቱ ጋር ትዞርና ኩሽኔታና ፓምፕ ትበላለች። ስለዚህ ከመላክዎ በፊት የዘይት አፎቹን ሁሉ በብሎንና በብረት ክዳን ይድፈኑ፤ ፕላስተር አሸዋውን አይችልም። ሲመለስ ከታች ያለውን ክዳንና ወንፊት ፈትተው፣ የሚወጣው ፈሳሽ ነጭ ጨርቅ ላይ ምንም ቅንጣት እስከማይተው ድረስ በነጭ ጋዝ ደጋግመው ይጠቡት። እዚህ ላይ ስንፍና የለም። ዋክሱን ለቀሩት ደረቅ ቧንቧዎች ያድርጉት።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ የቆየ ሆንዳ ሲጂ 125 አለኝ። ክረምቱን ግቢ ውስጥ ላስቲክ አልብሼ አቆመዋለሁ። ጉዳት አለው?

መልስ፦ አለው እህቴ። ላስቲክ ዝናቡን ቢከለክልም ከመሬት የሚነሳውን እርጥበት አፍኖ ይይዛል። ጣሪያ ስር፣ ሲሚንቶ ወይም ጣውላ ላይ አቁሚው፣ አየር የሚያስተላልፍ ጨርቅ አልብሽው። ውስጡን ዘይት የማስቀባቱን ሥራ ለጥርና ለየካቲት አቆይው። ያኔ ፀሐዩ ሻንሲውን በደንብ ያደርቀዋል፣ ዘይቱም ዝናብ ሳይመጣ ጊዜ አግኝቶ ይደርቃል።