ቤትን ሁሉ «ሃውስ» አትበሉ፦ የአድማጮች ጥያቄና የመምህሩ መልስ

የዛሬው የእንግሊዝኛ ሰዓታችን ስለ ቤት ክፍሎች ስያሜ ነበር። መምህራችን እንደ ልማዳቸው አንዳንዱን ጥያቄ በአንድ ቃል አልፈው አንዳንዱ ላይ ቆይተውበታል።

ጥያቄ፦ ቤት «ሃውስ» ከሆነ ምኝታ ቤትን «ስሊፒንግ ሃውስ» ብል ምን ችግር አለው?

ችግሩ የቃሉ ሳይሆን የአማርኛችን ቸርነት ነው። እኛ ቤት የማንለው ነገር ጥቂት ነው። ምኝታ ቤት፣ ወጥ ቤት፣ ዕቃ ቤት እንላለን፤ ግጥም እንኳ ቤት ይመታል። እንግሊዝኛ እንዲህ አይለግስም። «ሃውስ» ጣሪያና ግድግዳ ያለው ሙሉው ሕንፃ ሲሆን በውስጡ የተከፈለው ሁሉ «ሩም» ነው፤ ቤድሩም፣ ባዝሩም፣ ዳይኒንግ ሩም። ወጥ ቤት ግን «ኪችን» ተብሎ ያለ ሩም ይቆማል። አንድ ተማሪዬ ባለ አምስት ክፍል ቤቱን ሲገልጽ «ማይ ሃውስ ሃዝ ፋይቭ ሃውስስ» ብሎ ሰሚውን ግራ አጋብቶታል። ስለዚህ ቤትን ሁሉ ሃውስ አትበሉ። ይህን ዛሬ ደጋግሜ እለዋለሁና ታገሡኝ።

ጥያቄ፦ «ሊቪንግ ሩም»፣ «ሲቲንግ ሩም» እና «ላውንጅ» ልዩነታቸው ምንድን ነው?

በመኖሪያ ቤት ውስጥ ይህ ነው የሚባል ልዩነት የላቸውም። ሊቪንግ ሩም በሁሉም ዘንድ ይታወቃል፤ እሱን ይያዙ።

ጥያቄ፦ «ድሮዊንግ ሩም» ሥዕል የሚሣልበት ክፍል ነው?

አይደለም። ጥንት «ዊዝድሮዊንግ ሩም» ነበር፤ ገለል የሚባልበት ክፍል ማለት ነው። ከጊዜ በኋላ የፊተኛው ቁራጭ ወድቆ ቀረ። ዛሬ ቃሉን የሚያገኙት በአብዛኛው የድሮ ልብ ወለድ ሲያነቡ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ሳሎንን «ሳሎን» ነው የምለው። እንግሊዝኛ አይደለም እንዴ?

እህቴ፣ ይህን ጥያቄ ስንት ዓመት እንደሰማሁት ብነግርሽ ትስቂያለሽ። ሁላችሁም ወንበራችሁን ሳቡና ስሙኝ።

ከውጭ የመጣ ቃል ሁሉ ከእንግሊዝ አልመጣም። አማርኛችን የቤት ዕቃና የቤት ክፍል ስሞችን ከጣሊያንኛም ከፈረንሳይኛም ወስዷል። እኛ ግን ቃሉ የፈረንጅ ድምፅ ስላለው ብቻ እንግሊዝኛ ነው ብለን እንደመድማለን። አደገኛው ልማድ ይህ ነው፤ የማያውቁት ቃል ያስጠይቃል፣ አውቀዋለሁ የሚሉት ቃል ግን ሳያስጠይቅ ያሳስታል።

እኔም ተይዤበታለሁ። ወጣት መምህር ሳለሁ አንድ እንግዳ ወደ ቤቴ ጋብዤ፣ በስልክ «ሳሎኔ ውስጥ እየጠበቅኩህ ነው» አልኩት፤ በእንግሊዝኛ መሆኑ ነው። ሰውየው መጣና በሩ ላይ ቆሞ ግድግዳውን ቃኘ። መስታወት የለ፣ የፀጉር ማድረቂያ የለ። «ደንበኞችህ የት አሉ?» አለኝ። ለካ ሳሎን ሲሉት የዛሬ እንግሊዝኛ ተናጋሪ መጀመሪያ የሚታየው የውበት ሳሎን ነው። አንድ «ኦ» ጨምረው «ሳሉን» ካሉት ደግሞ አሜሪካዊው የጥንት መጠጥ ቤት፣ እንግሊዛዊው የቤት መኪና ይታየዋል። እንግዳ መቀበያችሁ ሊቪንግ ሩም ነው፤ በቃ።

ኮርኒስም እንዲሁ ነው። እኛ ኮርኒስ የምንለው በእንግሊዝኛ «ሲሊንግ» ነው። እነሱ ኮርኒስ የሚሉት ግድግዳና ጣሪያ የሚገናኙበትን ጌጠኛ ጠርዝ ነው። ስለዚህ ለጠጋኙ «ኮርኒሱ ወድቋል» ብትሉት ጠርዟን ለመለጠፍ ሙጫ ይዞ ይመጣል እንጂ መሰላልና ጣውላ አያመጣም። ቡፌ የምንለው ዕቃ «ሳይድቦርድ» ወይም «ካቢኔት» ነው፤ ቡፌ ስትሏቸው የሚጠብቁት ምግብ ነው። ባኞ ጣሊያንኛ ነው። ጋራዥ እውነተኛ ወዳጅ ነው፤ በእንግሊዝኛም ጋራዥ ነው፤ ይሁንና እኛ መኪና የሚጠገንበትን ብቻ ስንልበት እነሱ በመኖሪያ ቤት መኪና የሚያድርበትንም ይሉበታል። በረንዳም «ቬራንዳ» ነውና አያሳፍርም፤ ፎቅ ላይ ሲሆን ግን «ባልኮኒ» በሉት።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ቃሉ ፈረንጅኛ በመሰላችሁ ቁጥር ከእንግሊዝኛ ወደ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ገልጣችሁ ትርጉሙን አንብቡ። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ የእኔ እፍረት ግን ይኸው እስካሁን አልለቀቀኝም።

ጥያቄ፦ የኪራይ ውሉ «ፈርስት ፍሎር» ይላል። ደረጃ አለው ወይስ የለውም? እናቴ ጉልበቷን ያማታል።

በእንግሊዞች አነጋገር ከመሬት እኩል ያለው «ግራውንድ ፍሎር» ሲሆን ፈርስት ፍሎር ከእሱ በላይ ያለው ነው፤ እኛም አንደኛ ፎቅ ስንል እንደዚያው ነው። በአሜሪካኖች ግን ፈርስት ፍሎር ራሱ ከመሬት እኩል ያለው ነው። ምድር ቤትም ቢሉ አያድንዎትም፤ አንዱ ከመሬት እኩል ያለውን፣ ሌላው ከመሬት በታች ያለውን «ቤዝመንት» ይረዳዋል። ከመፈረምዎ በፊት ሄደው ደረጃውን በእግርዎ ይቁጠሩ። ውሉን በተመለከተ እኔ የቋንቋ ሰው ነኝ፤ ለሕግ ባለሙያ ያሳዩት።

ጥያቄ፦ «ቶይሌት» ማለት ነውር ነው?

በእንግሊዝ አይደለም፤ በአሜሪካ ግን ቶይሌት መቀመጫው ራሱ ነውና ጆሮ ይቆረቁራል። እዚያ በሰው ቤት «ባዝሩም»፣ በምግብ ቤትና በመሥሪያ ቤት «ሬስትሩም» ይላሉ፤ ገላ የሚታጠብም የሚያርፍም ባይኖር። ካናዳውያን ደግሞ «ዎሽሩም» ይሉታል። ብቻ ሽንት ቤትን «ሃውስ» የሚል ቃል አታስጠጉበት፤ ብያለሁ።

ጥያቄ፦ የሰባት ዓመት ልጄ «ኪችን»ን «ቺክን» ይላል። ወጥ ቤት ሲጠራ ዶሮ ይሆንብኛል።

አይዞሽ እናቴ፣ ጎልማሶችም ይሳሳቱታል። ሁለቱ ቃላት «ክ»ንና «ች»ን ቦታ የተለዋወጡ ናቸው፤ ሁለቱን አስከትለሽ በጨዋታ አስደጋግሚው። አታርሚው፣ አትሳቂበትም። በአማርኛም ድምፆችን የሚያቀያይር ከሆነ ግን የእንግሊዝኛ ጉዳይ አይደለምና የንግግር ሕክምና ባለሙያ ይየው።

ጥያቄ፦ «ጎ ቱ አፕስቴርስ» ብዬ ጽፌ መምህሬ «ቱ»ን ሰረዘችብኝ። ለምን?

ልክ ናት። «አፕስቴርስ» ወደ ላይ የሚለውን በሆዱ ይዟል፤ «ጎ ሆም»ም እንዲሁ። ቃል ስታጠኑ ብቻውን አትያዙት፣ ከነጎረቤቱ ያዙት። ኢን ዘ ኪችን፣ ኦን ዘ ባልኮኒ፣ አት ዘ ዶር እያላችሁ አጥኑ።

ጥያቄ፦ «ዳይኒንግ» በአንድ «ኤን» ነው በሁለት?

በአንድ። በሁለት ሲጻፍ «ዲኒንግ» ይሆንና ጩኸት የሚያሰማ ክፍል ይወጣዋል፤ ልጆች ላሉበት ቤት ስሕተት ላይሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ቤትን ሃውስ አትበሉ ይላሉ። «ግሪንሃውስ» ታዲያ ምንድን ነው?

ይህችን ስጠብቅ ነበር። ግሪንሃውስ ተክል የሚያድግበት የመስታወት ወይም የላስቲክ ቤት ነው፤ ራሱን ችሎ የቆመ ሙሉ ሕንፃ ስለሆነ ሃውስ ይገባዋል። ልብ በሉ፣ ኃይሉ «ግሪን» ላይ ሲያርፍ ነው የተክል ቤት የሚሆነው፤ «ሃውስ» ላይ ካሳረፋችሁት አረንጓዴ የተቀባ ቤት ማለት ነው። ደውለው ሊይዙኝ ስለሞከሩ አመሰግናለሁ። ምኝታ ቤቱ ግን አሁንም ቤድሩም ነው።